«ፍትሕ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ» ብዬ አራት ጊዜ አመለከትኩ፤ አራቴም ወደቅሁ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 30 ነው። በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝኩ አምስት ዓመት ሆኖኛል፤ ውጤቴ 3.1 ነው። ከተመረቅሁ ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ በሚሰጥ ማዕከል እሠራለሁ። ከሚመጡልኝ ባለጉዳዮች ብዙዎቹ የቤት ሠራተኞች ናቸው። በእነሱ ጉዳይ ጥናት ሠርቼ ፍትሕ እንዲያገኙ ማድረግ እፈልጋለሁ። ለፌሎውሺፕ፣ ማለትም ለትምህርትና ለጥናት ለሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ፣ አራት ጊዜ አመልክቼ አራቴም ወደቅሁ። ፎርድ ፋውንዴሽንና ኮመንዌልዝ ለእንደኔ ዓይነቷ ይሻላሉ ብለውኛል። አንድ ኤጀንሲ ደግሞ 40 ሺህ ብር ከከፈልሽ እንጨርስልሻለን አለኝ። የጣለኝ ውጤቴ ነው? ማስተርሱን ትቼ በቀጥታ ፒኤችዲ ልሞክር? የአራት ዓመት ልጅም አለችኝ። መረጃ ግን ሞልቶኛል፤ ወደ 200 የሚጠጉ ፋይሎች እጄ ላይ አሉ። ካስገባኋቸው ድርሰቶች አንዱን አያይዤልዎታለሁ።»

መልስ፦ ብሩን አትክፈዪ። የእንግሊዝ መንግሥቱ ቼቭኒንግ፣ የጀርመኑ ዳአድና የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ ለማመልከት ሳንቲም አይጠይቁም። ወጪ የሚያስወጣሽ የእንግሊዝኛ ፈተናው፣ የሰነድ ማረጋገጫውና አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው የሚያስከፍሉት የማመልከቻ ክፍያ ነው። «እንጨርስልሻለን» የሚል ሰው የሚሠራልሽ ነገር ቢኖር ድርሰት መጻፍ ነው። ያንን ድርሰት ደግሞ ለአንቺ ብቻ አይጽፈውም። ለዓመታት የአመልካቾችን ጽሑፍ ሳነብ፣ ስማቸው ብቻ የተቀየረ ሦስት ማመልከቻዎች በአንድ ቀን አግኝቼ አውቃለሁ። ሦስቱም ወደቁ። ከሦስቱ አንዷን በኋላ አግኝቼ አናገርኳት። የራሷ ታሪክ ከተጻፈላት በብዙ ይበልጥ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለ ፎርድ የነገሩሽ ሰዎች ያለፈ ነገር ነው የሚያወሩት። ፎርድ ፋውንዴሽን በ2001 እ.ኤ.አ. በ280 ሚሊዮን ዶላር የጀመረው ዓለም አቀፍ የፌሎውሺፕ ፕሮግራም ነበረው። ከ22 አገሮች ከ4,300 በላይ ሰዎችን ለድኅረ ምረቃ ትምህርት አበቃ። በ2013 ተጠናቀቀ። ኢትዮጵያ ደግሞ መጀመሪያውኑ ከ22ቱ ውስጥ አልነበረችም። አንድ ነገር ግን ትቶ አልፏል። የትምህርት ችሎታን ብቻ ሳይሆን፣ አመልካቹ ከመጣበት ማኅበረሰብ ጋር ያለውን ትስስርና ተመልሶ ሊሠራ ያሰበውን አብሮ ይመዝን ነበር። ዛሬ ብዙ ገንዘብ ሰጪዎች የሚጠይቁት ጥያቄ ከዚያ ብዙም አይርቅም። የኮመንዌልዙ ጉዳይ ቀላል ነው። ስኮላርሺፑ ለኮመንዌልዝ፣ ማለትም በብዛት የእንግሊዝ የቀድሞ ግዛቶች ላሉበት ማኅበር፣ አባል አገሮች ነው፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ተዪው።

«ፌሎውሺፕ» የሚለው ቃል ራሱ ያደናግራል። ካምፓስ ውስጥ «ፌሎ» ሲባል የፕሮቴስታንት ተማሪዎች ኅብረት ነው ወደ አእምሯችን የሚመጣው። በትምህርቱ ዓለም ደግሞ አንዱ ፌሎውሺፕ ሙሉ ማስተርስ ያስተምራል። ሌላው ፒኤችዲ ጀምሮ ለመጨረስ ገንዘብ ያጠረውን ሰው አንድ ዓመት ይደግፋል። ሌላው የጥቂት ሳምንት ሥልጠና ሰጥቶ ይሸኛል፤ ዲግሪ የለውም። ገንዘብ ሰጪዎች «ከፍትሕ ጋር የተያያዘ» ፌሎውሺፕ ሲሉ ደግሞ፣ ጥናትሽ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጪ ላለ ሰው ምን እንደሚጠቅም እንጠይቅሻለን ማለታቸው ነው። እስካሁን ለሠራሽው መልካም ሥራ ሽልማት አይደለም። ለደረሰብሽ ችግር ካሳም አይደለም። ይህን ያነሳሁት ድርሰትሽ ግማሽ ገጹን ያደግሽበትን ችግር ስለሚተርክ ነው። ችግሩ እውነት መሆኑን አልጠራጠርም። ግን አንባቢው ከዚያ ተነሥቶ ምን ልታጠኚ እንደሆነ ማወቅ አይችልም።

ውጤትሽ አልጣለሽም ብዬ አልምልም፤ ለአንዳንዶቹ 3.1 ሊያንስ ይችላል። ድርሰትሽን ሳነብ ግን ከውጤቱ በፊት የጣለሽን ነገር አየሁ። እንዲህ ይጀምራል፦ «በሀገራችን የቤት ሠራተኞች ከፍተኛ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ይደርስባቸዋል። ይህ ጥናት ፍትሕ እንዲያገኙ ለማድረግ ያለመ ነው።» የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መልሱን ጨርሶታል። ሁለተኛው ጥናት የማይችለውን ቃል ገባ። መሐል ላይ ጥያቄ የለም። አምስት ዓመት ሙሉ ባለጉዳይ ፊት ለፊት የተቀመጠች ሴት የጻፈችው አይመስልም። ማንም ቢሮ ውስጥ ሆኖ ሊጽፈው ይችላል።

አሁን የምታውቂውን አስታውሺ። ሠራተኛዋ ከገጠር መጥታ በደላላ ትቀጠራለች። አሠሪዋ «ደመወዝሽን እኔ ጋ ይቀመጥልሽ፣ ሲጠራቀም ትወስጂዋለሽ» ትላታለች። ሁለት ዓመት ይጠራቀማል። አንድ ቀን ይጣላሉ፤ ሠራተኛዋ ፌስታሏን ይዛ ትወጣለች። የጽሑፍ ውል የለም። ደረሰኝ የለም። ገንዘቡ ስንት እንደሆነ እንኳ ሁለቱ የሚሉት አይገጥምም። ወዴት ትሄዳለች? ደላላው ጋ? ፖሊስ ጣቢያ? የአሠሪዋ ጎረቤት የሆነች አክስቷ ጋ? አንቺ ጋ የደረሰችው ስንት ቦታ ዞራ ነው? እዚህ ውስጥ ጥያቄ አለ፦ «አሠሪዋ ዘንድ የተቀመጠ ደመወዝ ሲካድ የቤት ሠራተኞች በየትኞቹ መንገዶች ይጠይቃሉ? የትኛው መንገድ ለማን ይሠራል፣ ለማን አይሠራም?» ይህን ሰው ሄዶ ሊያጣራው ይችላል። መልሱን አንቺም ገና አታውቂውም። ገንዘብ ሰጪ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው።

ሕጉ ደግሞ ጥያቄሽን ያጠነክርልሻል፤ ጠበቃ ነሽና ተጠቀሚበት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን፣ የቤት ሠራተኞችን ጭምር፣ ከወሰኑ ውጪ አድርጎታል። ጉዳዩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንደሚወስነው ብቻ ይጠቁማል። ከቀጣሪዋ ቤት የምትኖር ሠራተኛ ስትከራከር በእጇ የሚቀረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት አንቀጾች ናቸው። በሌላ በኩል ወደ ዓረብ አገር የምትሄደው እህቷ የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ አላት። አፈጻጸሙ ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ ውሏ ምን መያዝ እንዳለበት ተጽፏል። ቤይሩት ለምትቀጠረዋ ሕግ አውጥተን ቦሌ ለምትቀጠረዋ አላወጣንም። ለምን? የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 በ2011 እ.ኤ.አ. ሲጸድቅ የቤት ሥራ እንደማንኛውም ሥራ መብት ያለው ሥራ ነው አለ። በዚያ ሐሳብና እዚህ ቤት ውስጥ በሚሆነው መካከል ያለው ርቀት ነው የጥናትሽ ቦታ።

በድርሰትሽ መጨረሻ ላይ «እንደ ተመራማሪ ሙሉ በሙሉ ገለልተኛ እሆናለሁ» ብለሻል። አምስት ዓመት የሠራተኞቹ ጠበቃ የሆነች ሰው ይህን ስትጽፍ አንባቢ አያምናትም። ብታምኚውም አትጻፊው። ወገን መያዝ ለተመራማሪ ነውር አይደለም። ነውሩ ልትሳሳቺ የምትችዪበት በር የሌለው ጥናት መሥራት ነው። ስለዚህ አሠሪዎችንም አናግሪ። ቀላል አይሆንም፤ ግን ብዙ ትማሪያለሽ። ደመወዝ የምታስቀምጥ አሠሪ ሁሉ ልትክድ አስባ አይደለም። «ልጅ ናት፣ ዘመድ ነኝ ባይ ይቀማታል» ብላ ከልቧ የምታስቀምጥ አለች። ራሷ በወር ደመወዝ የምትኖር፣ ኪራይ ሲጨምርባት የሠራተኛዋን ብር የነካች አለች። ደላላውም የሚለው አለው። ማመልከቻሽ ላይ «የእኔን እምነት ሊያፈርስ የሚችለውን ማስረጃ የምፈልገው እዚህ እዚህ ነው» ብለሽ ሁለት መስመር ብትጽፊ፣ ስለ ገለልተኝነት ከሚወራ አንድ ገጽ ይበልጣል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። እጅሽ ላይ ያሉት 200 ፋይሎች የአንቺ መረጃ አይደሉም። ሴቶቹ ታሪካቸውን የነገሩሽ ገንዘባቸውን እንድታስመልሺላቸው ነው፤ ለማስተርስ ጽሑፍ አይደለም። የጠበቃና የደንበኛ ምስጢርም አለ። ስም ቀይሬ እጠቀማለሁ እንዳትዪ። ሠፈሩ፣ የአሠሪዋ ሥራ፣ የተጣሉበት ምክንያት አንድ ላይ ሲነበብ ማንነቷን የሚያውቅ ያውቃታል። ማመልከቻ ላይ «200 ፋይሎች አሉኝ» ብለሽ መጻፍሽ ራሱ ጠንቃቃ አንባቢን ያስደነግጣል። መንገዱ ይኸው፦ የማዕከሉን የጽሑፍ ፈቃድ ትጠይቂያለሽ፤ የምትማሪበት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ኮሚቴ እቅድሽን ያጸድቃል፤ ከዚያ ሴቶቹን እንደ አዲስ፣ «እምቢ ብትዪም ጉዳይሽ አይቆምም» ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ይህንንም ብትችዪ አንቺ ሳትሆኚ ሌላ ሰው ይጠይቃቸው። ጠበቃዋን እምቢ ማለት ይከብዳታል።

ቃለ መጠይቁን አሠሪዋ ቤት አታድርጊው፤ ስልክም ቢሆን ጆሮ አለው። ብዙዎቹ የማታ ትምህርት ይማራሉ። ከክፍል በፊት ያለችው ግማሽ ሰዓት፣ ወይም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያለው ጊዜ ይሻላል። የትራንስፖርቷን ስጪያት። ዕድሜዋ ከ18 በታች የሆነች ልጅ ከገጠመችሽ ሕጉም ጥንቃቄውም ይለወጣል፤ ለመጀመሪያ ጥናትሽ እሷን አታካትቺ። እነዚህን ሁሉ በአንድ አንቀጽ ማመልከቻሽ ውስጥ አስገቢ። ብዙ አመልካች ይህን አይጽፍም።

ፒኤችዲውን አሁን ተዪው። ለፒኤችዲ ጥናት የሚሰጡ ብዙ ፌሎውሺፖች የሚመጡት ገብተሽ ከጀመርሽ በኋላ ነው። ለምሳሌ የሐሪ ፍራንክ ጉገንሃይም ፋውንዴሽን በግጭትና ጥቃት ላይ ለሚጽፉ 25,000 ዶላር ይሰጣል፤ ዜግነት አይመርጥም። ግን የመጨረሻ ዓመት ጽሑፋቸውን ለሚጨርሱ ነው። ቬነር ግሬን የተባለው የአንትሮፖሎጂ ጥናት ፋውንዴሽንም የተማሪ የመስክ ሥራ የሚደግፈው ፒኤችዲ ውስጥ ላሉ ነው። አንቺ የምርምር ዘዴ ገና አልተማርሽም። የሕግ ትምህርታችን አንቀጽ መተርጎም ያስተምራል፤ ሰው አናግሮ ማስረጃ መሰብሰብን ብዙም አያስተምርም። ያ ክፍተት የሚሞላው ማስተርስ ላይ ነው።

ለአንቺ የሚሆኑት እነዚህ ናቸው። አንደኛው ቅርብ ነው፤ ለምን እንዳልሞከርሽው ገርሞኛል። የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ መብት ማዕከል ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአፍሪካ ሰብዓዊ መብትና ዴሞክራሲ ላይ የአንድ ዓመት ማስተርስ ይሰጣል። ከመላው አፍሪካ ጥቂት ሰው ነው የሚወስደው፤ ስኮላርሺፕም ሊገኝበት ይችላል። የመጀመሪያው ግማሽ ዓመት ፕሪቶሪያ ነው። ቀጣዩን ግማሽ ተማሪዎቹ በአጋር ዩኒቨርሲቲዎች ተከፋፍለው ጽሑፋቸውን ይሠራሉ። ከአጋሮቹ አንዱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ቆይቷል። የት እንደምትመደቢ አንቺ አትወስኚም። ቢሆንም የአፍሪካ የሰብዓዊ መብት ሥርዓት ላይ እንዲህ ያተኮረ ትምህርት ለንደንም አታገኚም።

ሁለተኛው ቼቭኒንግ ነው። የአንድ ዓመት ማስተርስ ብቻ ነው፤ ፒኤችዲ አይከፍልም። 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ በእነሱ አቆጣጠር ሁለት ዓመት ነው፣ አንቺ ከእጥፍ በላይ አለሽ። ብዙውን ጊዜ በፈረንጆቹ ኦገስት ውስጥ ይከፈትና ኦክቶበር መጀመሪያ አካባቢ ይዘጋል። ሦስት ኮርሶች ትመርጫለሽ። ሦስቱም ከጥያቄሽ ጋር ይገናኙ፤ አንዱ ሕግ፣ አንዱ ቢዝነስ፣ አንዱ ሚዲያ ከሆነ ምን እንደምትፈልጊ አታውቂም ይሉሻል። ኤሴክስና ዮርክ ጠንካራ የሰብዓዊ መብት ማዕከል አላቸው፤ ከእነሱ ጀምሪ። ስትጨርሺ ቢያንስ ሁለት ዓመት አገርሽ መመለስ ግዴታ ነው። «እዚያው እቀራለሁ» ብለሽ ካሰብሽ አታመልክቺ። የሌላ ሰው ቦታ ነው የምትይዢው። በአሜሪካው ፉልብራይት የሚሄዱበት ጄ-1 ቪዛም ተመሳሳይ የሁለት ዓመት ግዴታ አለው።

ሦስተኛው የዳአድ የሄልሙት ሽሚት ፕሮግራም ነው። ትምህርቱ የሕዝብ ፖሊሲና መልካም አስተዳደር ነው፤ ንጹሕ ሕግ አይደለም። ኤርፈርት ያለው የቪሊ ብራንት ትምህርት ቤት ከሚሰጡት አንዱ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ እንዳያመልጥሽ። ዳአድ በእንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞቹ የመጨረሻ ዲግሪሽን ካገኘሽ ከስድስት ዓመት በላይ እንዳይሆን ይጠይቃል። አምስት ሆኖሻል። ማመልከቻው በፈረንጆቹ ጁንና ጁላይ ነው። ኢራስመስ ሙንዱስ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፤ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ቢያንስ ሁለት አገር ያዞርሻል። ከአራት ዓመት ልጅ ጋር ያ ከባድ ነው። የደቡብ አፍሪካው ማንዴላ ሮድስ ስኮላርሺፕ ከ19 እስከ 29 ዓመት ላሉ ነው፤ አልፎሻል።

ስለ ልጅሽ ግልጽ ልሁን። የቼቭኒንግ ገንዘብ የሚበቃው ለአንድ ሰው ነው፤ ለቤተሰብ አይከፍልም። ዳአድ ሁኔታውን አይቶ ለቤተሰብ ድጎማ ሊሰጥ ይችላል። ፕሪቶሪያ አንድ ዓመት ነው፤ ቅርብም ነው። ማን ጋ ትቆያለች የሚለውን ውጤቱ ከመጣ በኋላ ሳይሆን አሁን ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሪ። ልጇን እናቷ ጋ ለመተው ተስማምታ በመጨረሻው ሳምንት ሐሳቧን የቀየረች አመልካች አውቃለሁ። አልፈርድባትም። ግን ቦታው ባዶ ቀረ።

የድጋፍ ደብዳቤ ላይ አንድ ነገር። መምህራኖቻችን «ጽፈሽ አምጪ፣ እፈርማለሁ» ማለት ይቀናቸዋል። እሺ ብለሽ ከጻፍሽ ደብዳቤውና ድርሰትሽ በአንድ ድምፅ ይናገራሉ፤ ይታወቃል። በምትኩ አንድ ገጽ ማስታወሻ ስጫቸው። አብረሽ የሠራሽው ጉዳይ ምን ነበር? የቱን ክርክር አሸነፍሽ? የቱን ተሸነፍሽ? ምን ተማርሽ? ከዚያ እሳቸው በራሳቸው ቋንቋ ይጻፉት። አንዱን ከማዕከሉ ኃላፊ አድርጊ፣ ሥራሽን ያየች ሰው ናት። ከተቻለ ከግል ኢሜይል ሳይሆን ከተቋሙ ኢሜይል ይላኩት።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የዚህን ዓመት ጉልበትሽን ፕሪቶሪያ፣ ቼቭኒንግና ሄልሙት ሽሚት ላይ ብቻ አውዪው። በዚህ ቅደም ተከተል። አሥር ቦታ አትበትኚው። 40 ሺህ ብሩን ለእንግሊዝኛ ፈተናና ለሰነዶችሽ ያዢው። ማስተርሱ ሠራተኛዋን ደመወዟን አያስመልስላትም፤ ያንን የሚያደርገው ዛሬም የምትሠሪው ሥራ ነው። ጥናቱ ቢሳካ የሚያደርገው፣ ያ ያልወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ሲረቀቅ «ደመወዝ አሠሪ ዘንድ አይቀመጥ» የሚል አንቀጽ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ ማስረጃ ጠረጴዛው ላይ ማኖር ነው። እሱም ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ድርሰትሽ ላይ ይህን ያህል ብቻ ቃል ግቢ።

ዛሬ ማታ ሁለት ገጽ ጻፊ፤ በአማርኛ። እንግሊዝኛው ይቆይ። ጥያቄሽ ምንድነው፣ ከማን ትሰሚያለሽ፣ ምን ቢገኝ ሐሳብሽን ትቀይሪያለሽ። ስትጨርሺ ከማታ ተማሪዎቹ ለአንዷ አንብቢላት። «ይሄማ የእኔ ነው» ትልሻለች፣ ወይም «ኧረ እንዲህ አይደለም» ብላ ታርምሻለች። ያረመችውን አስተካክለሽ ወደ እንግሊዝኛ መልሺው።